«ኦሱዋሪ»ን በአማርኛ ምን እንበለው? አጥንት ቤት እንዳትሉኝ ብቻ

ተርጓሚዋ (ማክሰኞ ጠዋት)

ሰላም ቤቶች። አንድ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል፣ እርዱኝ።

የአንድ ሙዚየም የድምፅ ማስጎብኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ጎብኚው ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ እየተዘዋወረ የሚሰማው ዓይነት። ጽሑፉ ውስጥ «ኦሱዋሪ» የሚል ቃል 11 ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ የሚመጣው ስለ አንዲት የድንጋይ ሳጥን ሲያወራ ነው። ከኢየሩሳሌም የተገኘች፣ ክዳን ያላት፣ የሟች አጥንት ተለቅሞ የሚገባባት ሳጥን ናት። ሁለት ገጽ አልፎ ደግሞ ቼክ አገር ስላለው ሴድሌጽ ያወራል። እሱ ሳጥን አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፣ ከ40 ሺህ እስከ 70 ሺህ የሚገመት ሰው አጥንት ያለበት። በፈረንጆቹ 1870 ፍራንቲሼክ ሪንት የሚባል እንጨት ጠራቢ የመሬቱ ባለቤቶች ቀጥረውት አጥንቱን በመልክ በመልኩ ደረደረው። ጽዋ ሠራበት፣ የቀጣሪዎቹን የቤተሰብ አርማ ሠራበት፣ ከጣሪያ የሚንጠለጠል ትልቅ መብራት ሳይቀር ሠራበት።

ያም ኦሱዋሪ፣ ይሄም ኦሱዋሪ።

የማሽን ትርጉም «አጥንት ቤት» አለኝ። ጮክ ብዬ ሳነበው እህቴ ከማድ ቤት «የት ነው እሱ? ቅቅሉ ጥሩ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ባየሁት ቁጥር ሚጥሚጣ ይሸተኛል።

ቃሉ ከየት መጣ? እኛስ ምን እንለዋለን? ለዓርብ ነው የሚፈለገው።

ስድስት_ኪሎ

አጥንት ቤት ይሁን ባክሽ፣ ጎብኚውም ይራበዋል ሃሃሃ። የምርሽን ከሆነ ግን ካታኮምብ በይው፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ቃል_ለቃሚ

ካታኮምብ አይሆንም ወንድሜ። ካታኮምብ መጀመሪያ ነገሩ የአንድ ቦታ ስም ነው። ከሮም ወጣ ብሎ በአፒያ መንገድ ላይ የቅዱስ ሰባስትያኖስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ሰፈር። ከዚያ ስሙ ተስፋፍቶ ለሁሉም የምድር ውስጥ መቃብር ዋለ። ልዩነቱ ደግሞ ትልቅ ነው። የሮም ካታኮምብ ውስጥ ሰውየው ሙሉ አካሉ በግድግዳው ላይ በተፈለፈለ ቦታ ይጋደማል፣ ከፊቱ ይደፈናል፣ በቃ። የኛው የአዲስ አበባ ፉካ ማለት ነው። የፓሪሱ ነው ሰውን ያሳሳተው። እሱ ከ1786 ጀምሮ ከከተማው መቃብሮች የወጣ አጥንት አሮጌ የድንጋይ ማውጫ ዋሻ ውስጥ የተከማቸበት ነው፣ ከስድስት ሚሊዮን ሰው በላይ ይላሉ። ሕዝቡ ካታኮምብ ብሎ ጠራው እንጂ በወጉ ስሙ የማዘጋጃ ቤቱ ኦሱዋሪ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ። በላቲን አጥንት «ኦስ» ነው፣ ሲዘረዘር «ኦሲስ»። «አሪየም» የሚለው ጭራ ደግሞ ማኖሪያ ማለት ነው። አኳሪየም ብለን የለ፣ የውሃ ማኖሪያ? ኦሱዋሪየም የአጥንት ማኖሪያ ነው። ሮማውያን ሬሳ ያቃጥሉ ስለነበር ከእሳቱ የተረፈውን አጥንት ለቅመው የሚያስቀምጡበት ማሰሮ ነበር ኦሱዋሪየም የሚባለው። ማሰሮው ሳጥን ሆነ፣ ሳጥኑ ክፍል ሆነ፣ ክፍሉ ሕንፃ ሆነ። ተርጓሚዋ ላይ የወደቀው ጣጣ ይሄ ነው። ቃሉ እያደገ ሲሄድ የበፊቱን ልብሱን አልጣለም።

እንግሊዞች ሌላም ስም አላቸው፣ ቻርነል ሀውስ። ይሄኛው ነው የሚያስቀው። ከላቲኑ «ካሮ» ነው፣ ሥጋ። ቀጥታ ብንመልሰው ምን ይሆናል?

ስድስት_ኪሎ

ሥጋ ቤት!!!

ቃል_ለቃሚ

አዎ፣ ሥጋ ቤት። ቀልድ ደግሞ አይደለም። ሮማውያን «ካርናሪየም» የሚሉት ሥጋ በሜንጦ የሚሰቀልበትን ጓዳ ነበር። ፈረንሳዮች «ሻርኒዬ» አሉት፣ የሥጋ ጓዳም የሬሳ ክምርም ሆነ። ኦስትሪያ ውስጥ ዛሬም በቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ ያለው የአጥንት ማኖሪያ «ካርነር» ይባላል። ሥጋው ያለቀለትን ነገር በሥጋ ስም ይጠሩታል። የተርጓሚዋ እህት ምንም አልተሳሳተችም።

ቪየና_ያለሁ

ኦስትሪያ ስላላችሁ ልግባ። እኛ ጋ «ባይንሀውስ»ም ይባላል። ጀርመንኛ የተማርኩ ሰሞን ይሄን ምልክት አይቼ «የእግር ቤት» ብዬ ነው ያነበብኩት። «ባይን» ዛሬ እግር ነውና። ፊዚዮቴራፒ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው ድሮ አጥንት ማለት እንደነበረ የሰማሁት።

ሃልሽታት የምትባል ከተማ አለች፣ በሐይቅና በተራራ መካከል የተጣበቀች። መሬት የላትም። ሙት ከተቀበረ ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ይወጣና ቦታው ለሌላ ይሰጥ ነበር። የራስ ቅሉን ፀሐይ ላይ አስጥተው ያነጡትና ግንባሩ ላይ ስሙን ይጽፉለታል፣ ጽጌረዳ ወይም ሐረግ ይሥሉለታል። 1200 ያህል ቅል አለ፣ ከ600 በላዩ የተሣለ ነው። የመጨረሻዋ በፈረንጆቹ 1995 የገባች ሴት ናት። ኑዛዜዋ ነበር። የወርቅ ጥርሷ አሁንም አለ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስም የተጻፈበት ቅል ስታይ ክምር አይደለም የምታየው፣ ሰው ነው የምታየው።

ሚጣ_የመርካቶ

ኡኡቴ፣ በጠዋቱ። ቁርሴን ልብላበት።

ጎንደሬ_በኢየሩሳሌም

ስለ ድንጋይ ሳጥኗ እኔ ልንገርሽ፣ ሥራዬ አስጎብኚነት ነው፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ፊቷ እቆማለሁ።

እዚህ ነገሩ የሆነው በሄሮድስ ዘመን ገደማ ነው፣ ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. እስኪፈርስ ድረስ። ሟቹ መጀመሪያ በዋሻ መቃብር ይጋደማል። ዓመት ያህል ይቆያል። ሥጋው ሲያልቅ ቤተሰቡ ይመጣና አጥንቱን ለቅሞ በኖራ ድንጋይ ሳጥን ይከታል። የሳጥኗ ርዝመት እንዴት እንደተወሰነ ታውቃላችሁ? በጭን አጥንት። ከሰውነታችን ረጅሙ አጥንት እሱ ስለሆነ እሱ ከገባ ሌላው ሁሉ ይገባል። ለዚህ ነው ሁሉም ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚጠጉት። የልጆች አነስ ይላል፣ እሱን ሳይ ቡድኑን ቶሎ ነው የማሳልፈው።

በፈረንጆቹ 1990 ከአሮጌው ከተማ በስተደቡብ ለመናፈሻ መሬት ሲቆፈር መቃብር ተገኘ። ውስጡ ካሉት ሳጥኖች አንዷ በአበባ ቅርጽ ያሸበረቀች ናት፣ ጎኗ ላይ «የሆሴፍ ባር ቀያፋ» ተጭሮባታል። ብዙዎቹ ሊቃውንት የወንጌሉ ሊቀ ካህናት ቀያፋ ነው ይላሉ። ሳጥኗን የጠረበው ሰው ያን ሁሉ ተጠቦ አበባ ሲቀርጽ፣ ስሙን የጻፈው ግን በምስማር ይመስላል፣ ልጅ ግድግዳ ላይ እንደሚሞነጫጭረው። የሀገራችን ጎብኚዎች እዚህ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ።

የቃሉ ነገር ግን የበለጠ ይገርማል። በዕብራይስጥ የቆየው ስሟ «ግሉስቅማ» ነው። ቃሉ ዕብራይስጥ አይደለም፣ ግሪክ ነው፣ «ግሎሶኮሞን»። «ግሎሳ» ምላስ ነው። ዋሽንት መሰሉ መሣሪያቸው ሲነፋ የሚርገበገብ የሸምበቆ ምላስ ነበረው። ያቺን ምላስ እንዳትሰበር የሚያስቀምጡባት ትንሽ ማኅደር ነበረች ግሎሶኮሞን። ከዚያ ማንኛውም ትንሽ ሳጥን ሆነ፣ ከዚያ የገንዘብ ሳጥን፣ ከዚያ የአጥንት ሳጥን። ዮሐንስ ወንጌል ላይ ይሁዳ ይይዘው የነበረው በግሪኩ ግሎሶኮሞን ነው። የኛ መጽሐፍ «ከረጢት» ይለዋል። እና አንድ ቃል የነፊን ምላስም፣ የሌባን ብርም፣ የካህንን አጥንትም ያዘ።

ስድስት_ኪሎ

ቀልዴን አንስቻለሁ። ቀጥሉ።

የቅኔ_ተማሪ

ወንድማችን ከኢየሩሳሌም የከፈተው መንገድ ጥሩ ነው፣ እኛም እንዲህ ያለ ቃል አለንና። «አስከሬን» በሉ እስቲ። ዛሬ ሬሳው ራሱ ነው። የቀድሞ ፍቺው ግን ሳጥኑ ነው፣ የሬሳ ሳጥን። ማሕደሩ የኅዳሪውን ስም ወሰደ። ስለዚህ «የአስከሬን ሳጥን» ስንል ሳጥን ሳጥን እያልን ነው።

እህታችን «አጥንት» ያልጣማት በቅቅሉ ብቻ አይደለም። አማርኛ ሁለት ቃል አለው። አጥንት የሕያው ነው፣ የከብትም ነው፣ የዘርም ነው («አጥንት ሲቆጠር ከዚያ ቤት ነኝ» ይላል ሰው ርስት ሲጠይቅ)። «አፅም» ግን የሞተ ሰው ነው። የበግ አፅም የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በግዕዙ ዐፅም የሁሉም ነበር፤ አማርኛው ነው ለሙት ሰው የለየው። ቃሉ እንግዳም አይደለም። ዕብራይስጡ «ዔጼም»፣ ዐረብኛው «ዐዝም»፣ ትግርኛው «ዓጽሚ» ይለዋል። አንድ ቤተሰብ ነው።

የምሰጠው ስም፦ መዝገበ አዕፅምት። አዕፅምት የዐፅም ብዙ ቁጥር ነው። መዝገብ በግዕዝ ወረቀት አይደለም፣ ግምጃ ቤት ነው፣ የሚከማችበት። መዝገበ ቃላት ማለት የቃላት ጎተራ ነው። እንግዲህ የአፅሞች ጎተራ።

ሚጣ_የመርካቶ

መምህር ያምራል፣ ግን እኔ የሰማሁት መዝገብ ቤት ነው። «የአባትዎ አፅም ፋይሉ አልተገኘም፣ ነገ ይመለሱ።»

የቅኔ_ተማሪ

…እሱስ እውነት ነው።

ላስታ_ልጅ

ለምን ሩቅ ትሄዳላችሁ? የይምርሃነ ክርስቶስ ዋሻስ? ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በሺ የሚቆጠር አፅም አለ። ላሊበላም ቤተ ጊዮርጊስ ግቢ ግድግዳው ላይ በተፈለፈለው ጉድጓድ ውስጥ የደረቀ አካል ይታያል። ያ ኦሱዋሪ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እኛ አገር ሲሆን ለምን ስም ያጣል?

ቃል_ለቃሚ

አትቆጣ ወንድም አለም። ኦሱዋሪ አይደለም የምልበት ምክንያት ንቀት አይደለም። ይምርሃነ ክርስቶስ ያሉት አባቶችና ምዕመናን ሙሉ አካላቸው እንዳለ ነው የተጋደሙት፣ ሰሌን የተጠቀለሉም አሉ። ዋሻው ደርቆ አቆያቸው። የኦሱዋሪ ዋናው ነገር አጥንቱ መብዛቱ አይደለም፣ ሁለተኛ ጊዜ መነሳቱ ነው። አንድ ጊዜ ተቀብሮ፣ ተጠብቆ፣ በሰው እጅ ተለቅሞ፣ ወደ ሌላ ቦታ። ሁለተኛ ቀብር። ይምርሃነ ክርስቶስ የመጀመሪያው ቀብር ነው፣ ማንም አላነሳቸውም።

ላስታ_ልጅ

እንዲህ ከሆነ እሺ። ግን ለዚህ ለምትለው ለሁለተኛው ቀብር እኛ ቃል አለን። ፍልሰት። ግንቦት 12 ምን እንደምናከብር ጠይቅ፦ ፍልሰተ አፅሙ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት። ካረፉ በ57 ዓመታቸው አፅማቸው ከነበሩበት ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብሩ ገባ። የነሐሴውን ፍልሰታን ጾምም አስብ፣ ቃሉ ያው ፈለሰ ነው። ሬዲዮ ላይ «የሕዝብ ፍልሰት» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ሻንጣ የያዘ አፅም ነው የሚታየኝ።

የቅኔ_ተማሪ

እሰይ የኔ ልጅ። አየሽ እህቴ ተርጓሚዋ፣ ነገሩ ግልጽ እየሆነ ነው። እኛ ግሱ ነው ያለን። አፅም ማንሳት፣ አፅም ማፍለስ፣ አፅም ማሳረፍ። ሮማውያን ስሙን ከዕቃው አወጡ፣ እኛ ከሥራው። ዮሴፍ ግብፅ ላይ ሲያስምላቸው ያለው «ሳጥን አዘጋጁልኝ» አይደለም፣ «አጥንቴን ከዚህ ይዛችሁ ውጡ» ነው። ሙሴም ባሕሩን ሲሻገር ይዞት ወጣ።

የአቴናው

ግሪክ አገር 19 ዓመቴ ነው። እዚህ የከተማ መቃብር የሦስት ዓመት ኪራይ ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላ ቤተሰብ ይጠራል፣ ይቆፈራል፣ አጥንቱ በወይን ይታጠባል፣ በሣጥን ሆኖ ወደ «ኦስቴኦፊላኪዮ» ይገባል። «ኦስቴኦ» አጥንት፣ «ፊላኪዮ» መጠበቂያ። ማኖሪያ አላሉትም፣ መጠበቂያ ነው ያሉት። የአሠሪዬን ባል አጥንት ሲያወጡ አብሬያት ቆሜያለሁ። የወይኑ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። መዝሙረ ዳዊት 33ኛው ላይ «አጥንቶቻቸውን ሁሉ ይጠብቃል» የሚለውን በግሪክኛ ሳነበው ነው የገባኝ። «ፊላሲ» እና «ኦስታ»፣ እነዚያው ሁለት ቃሎች ናቸው። ሰዎቹ የቤቱን ስም ሲያወጡ ዳዊት እየደገሙ ነበር ብዬ ነው የማስበው፣ ማስረጃ አትጠይቁኝ።

ሲና ተራራ ቅድስት ካትሪን ገዳምም አለ። የመነኮሳቱ ቅል በአንድ በኩል፣ የቀረው አጥንት በሌላ በኩል ተከምሯል። በሩ ላይ ደግሞ እስጢፋኖስ የሚባል የ6ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ ልብሰ ምንኩስናውን እንደለበሰ ተቀምጧል፣ አፅሙ። በሕይወቱ በር ጠባቂ ነበር፣ አሁንም እየጠበቀ ነው። መጠበቂያ የሚለው ቃል እዚያ ነው የሚያምረው።

ቪየና_ያለሁ

የፖርቱጋል ኤቮራም አለ። አጥንት የተለበጠበት የጸሎት ቤት። በሩ ላይ የተጻፈው ባጭሩ «እኛ አጥንቶች እዚህ ሆነን የናንተን እንጠብቃለን» ነው። እዚያ ጠባቂዎቹ እነሱ ናቸው ማለት ነው።

ሚጣ_የመርካቶ

ወይ ጉድ። አመሰግናለሁ፣ አይቸኩሉ በሉልኝ።

ጡረተኛው

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እኔ አዋቂ አይደለሁም፣ የቃል ነገር ለናንተ ነው። ግን ይሄን ሥራ በእጄ ሠርቼዋለሁና ልጻፍ።

እናቴ አዲስ አበባ አንድ ደብር ፉካ ውስጥ ነበረች። ፉካው የሰባት ዓመት ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላ ቤተሰብ ያነሳል፣ ካላነሳ ደብሩ ያነሳል። ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር አሉ። እኛ አላየነውም፣ ዝናብ አጥቦት ይሁን ሌላ ወረቀት ተደርቦበት እንጃ። ስልክ የሚደውልልንም አልነበረም። አንዲት የሰንበቴ ጓደኛዋ ናት መንገድ ላይ አግኝታ «ኧረ የእናትህ ጊዜ አልፏል» ያለችኝ። ሦስት ቀን ብንዘገይ ከማን ጋር እንደምትቀላቀል እግዜር ይወቅ። በዚህ እስካሁን ተቀይሜያለሁ።

ሳጥን ለአናጢ አዘዝኩ። ስንት ይሁን ሲለኝ በእጄ እንዲህ ብዬ አሳየሁት፣ 40 ሳንቲ አለኝ፣ ይሁን አልኩ። በነጋታው ቄሱ መጡ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ልጁ ሲሚንቶውን በመዶሻ አፈረሰው። ነጠላ መሬት ላይ ዘረጋን። አንድ በአንድ ያቀብለኛል፣ እኔ አስቀምጣለሁ። አላለቅስም ብዬ ነበር የወጣሁት። ደህና ነበርኩም፣ የቀኝ ክንዷ እስኪመጣ።

እናቴ ሴት ልጅ ሳለች ከበቅሎ ወድቃ እጇ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻ አሰራት። ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው። እንጀራ ስትጋግር እጇ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር፣ ልጆች ሆነን እንስቅባት ነበር። ያቺ ጠማማ አጥንት ነጠላው ላይ ስትቀመጥ አወቅኳት። ፊቷን ብታሳዩኝ ባላወቅኩት፣ ቅል ሁሉ አንድ ነው። እጇን ግን አወቅኩ። አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ። ልጁ ደነገጠ።

የጭኗ አጥንት ሳጥኑ ውስጥ አልገባ አለ። ሁለት ጣት ያህል ተረፈ። አግድም ሰያፍ አድርገን አስገባነው። አሁን የኢየሩሳሌሙ ልጅ ሲጽፍ ነው፣ ሳጥን የሚለካው በጭን ነው ሲል፣ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን የያዝኩት። ሁለት ሺህ ዓመት ያወቁትን እኔ ለአናጢ መንገር አቃተኝ።

ጠባቂው «በሉ አሁን ወደ ማረፊያው ውሰዷት» አለ። በግቢው ጥግ የቆርቆሮ ክዳን ያላት አነስተኛ ቤት ናት። «ማረፊያው» ነው ያላት፣ ሌላ ስም አልጠራም።

ተርጓሚዋ

ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው። ቢሮ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው ፊቴን የታጠብኩት።

ጎንደሬ_በኢየሩሳሌም

ጋሼ፣ ያ ልጅ ለምን እንደደነገጠ ልንገርዎት፣ ራቢዎቹም አልተስማሙበትም። ሚሽና በሚባለው በጥንቱ የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ላይ ጥያቄ አለ፣ ሰው በበዓል ሰሞን የአባቱንና የእናቱን አጥንት መልቀም ይችላል ወይ የሚል። ራቢ ሜየር ይችላል አለ፣ «ደስታው ነውና»። ራቢ ዮሴ አይችልም አለ፣ «ኀዘኑ ነውና»። እርስዎ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት አደረጓቸው።

ሌላም አለ። አንድ አባት ሲሞት ልጁን፣ መጀመሪያ በጉድጓድ ቅበረኝ፣ በኋላ አጥንቴን ለቅመህ በግሉስቅማ አድርገኝ፣ ግን በገዛ እጅህ አትልቀመኝ ይለዋል። ልጁም ሌላ ሰው አስለቅሞ፣ አንሶላ ከተዘረጋበት በኋላ ገብቶ ልብሱን ቀደደ፣ ደረቅ ሽቱ ቅጠል ነሰነሰበት። አባትየው ለልጁ አዝኖ ነው መሰለኝ። ያቺን ጠማማ አጥንት እንዳያይ።

ጡረተኛው

እኔስ ማየቴ ደግ ሆነ።

ስድስት_ኪሎ

ክሩ ወደ ቃሉ ይመለስ ብዬ መጻፍ ፈርቼ ተቀምጫለሁ።

ላስታ_ልጅ

አንድ ነገር ብቻ። ቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም የገባ አለ? መስቀል አደባባይ ጋ ያለው። ከጅምላ መቃብር የወጣው አፅም በመስታወት ነው ያለው፣ አንዳንዱ ከፎቶና ከልብሱ ጋር። ያንን ክፍል ምን ትሉታላችሁ? እኔ የገባሁ ቀን አንዲት እናት አስተናጋጁን «አፅሞቹ ያረፉበት የቱ ጋ ነው?» ብለው ነው የጠየቁት። መስታወት ውስጥ ቆሞ፣ ያረፉበት። ንጉሡም፣ ኃይለ ሥላሴ፣ እንዲሁ። በኛ አቆጣጠር በ1984 ከቤተ መንግሥት ወለል ሥር ወጥተው ስምንት ዓመት በአታ ቆይተው ጥቅምት 26፣ 1993 ሥላሴ ሲገቡ ወሬው ሁሉ «አፅማቸው አረፈ» ነበር። እስከዚያ አላረፉም ማለት ነው፣ በሰው አፍ።

ቃል_ለቃሚ

ጠባቂውም ማረፊያ፣ እኚህ እናትም ማረፊያ። እኔ ላቲኔን ይዤ እጄን ሰጥቻለሁ። የአፅም ማረፊያ።

የቅኔ_ተማሪ

እኔም መዝገቤን ዘግቻለሁ።

ተርጓሚዋ (ሐሙስ ማታ)

እንዲህ አድርጌዋለሁ፣ ነገ ጠዋት እልካለሁ። የድንጋይ ሳጥኗ «የአፅም ሳጥን»። ቤቱ «የአፅም ማረፊያ»። መጀመሪያ በመጣበት ቦታ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «ሟቹ ከተቀበረ በኋላ ሥጋው ሲያልቅ ቤተሰቡ አፅሙን አንስቶ የሚያኖርበት»። አዘጋጆቹ ረዘመ ብለው ያጉረመርማሉ፣ ያጉረምርሙ። 11ዱ ቦታ ላይ አራቱ ሳጥን ሆኑ፣ ሰባቱ ማረፊያ።

አንዱ ላይ ብቻ ነው የቆምኩት።

ሚጣ_የመርካቶ

ሴድሌጽ ላይ!

ተርጓሚዋ

በትክክል። «በዚህ የአፅም ማረፊያ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው መብራት ቢያንስ ከእያንዳንዱ የሰው አጥንት ዓይነት አንድ አንድ እንዳለበት ይነገራል»። አነበብኩት፣ ደገምኩት፣ አልሄድ አለኝ።

ሚጣ_የመርካቶ

መብራት ሆኖ ተሰቅሎ ምኑን አረፈው እናቴ? ሻማ ይዞ ተረኛ ነው እንጂ። ለሱ ሌላ ቃል ፈልጊለት።

ቪየና_ያለሁ

ቼኮቹ «ኮስትኒጼ» ነው የሚሉት፣ «ኮስት» አጥንት ነው፣ ማረፍ የሚባል ነገር የለበትም። ለሱ ብቻ «የአፅም ማኖሪያ» በይው። ማኖር ኀላፊነት የለውም።

ተርጓሚዋ

የአፅም ማኖሪያ። ይሁን። ስድስት ማረፊያ፣ አራት ሳጥን፣ አንድ ማኖሪያ። ልኬዋለሁ፣ ልተኛ። የመብራቱን ፎቶ ለማየት ለፈለገ ከታች አያይዤዋለሁ፣ ደካማ ልብ ያለው አይክፈተው።

ጡረተኛው (ዓርብ ንጋት)

ልጄ ፎቶውን ከፈትኩት፣ መነጽሬን አድርጌ አጉልቼ አየሁት። ከታች በኩል በስተግራ፣ ከሦስተኛው ሻማ ሥር ያለችው የክንድ አጥንት ጠመም ያለች ትመስላለች። እነሱም አገር ወጌሻ ነበረ ማለት ነው።